ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግር ስለ ሄዱ ተሳላሚዎች

ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የነገሥታት፥ የመሳፍንትና የጦር አለቆች ስም ነው። ትምህርት ቤታችን ያለበት የጦር ኃይሎች ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከጦር ኃይሎች ሆስፒታል ስለ ሆነ፥ ከልጅነታችን ጀምረን የወታደርን ጀግንነት እየሰማን አድገናል፤ ይህም የሚያኰራን ነው። ነገር ግን ጦር ሳይሰብቁ፥ ጠመንጃ ሳያነግቱ፥ በትርና ስንቅ ብቻ ይዘው አገራቸውን በእግራቸው ያቋረጡ ሌሎች ሰዎችም አሉ። እነዚህም ተሳላሚዎች ናቸው። ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ በተነገረን ጊዜ፥ ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግር ስለ ሄዱ ተሳላሚዎች ለመጻፍ መረጥን። ምክንያታችንም በ1929 ዓ.ም. ከሄዱት መካከል ሳይመለሱ የቀሩ ስላሉና ስማቸውም ተሟልቶ ስላልተጻፈ ነው።

ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፥ በሰላሌ ምድር፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ሲመሠረት ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት አፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አለቃ እጨጌ ይባል ነበር፤ ጳጳሱ ከግብፅ ይመጡ በነበረበት ረጅም ዘመን፥ እጨጌው ከኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሁሉ የበላይ ሆኖ ይኖር ነበር። ከእጨጌዎቹ አንዱ የነበሩት አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነዋል።

ገዳሙ ግን ዘመኑን ሁሉ በሰላም አልኖረም። በ1523 ዓ.ም. ግድም፥ በኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ጊዜ ተቃጥሎ መነኮሳቱ ተበተኑ፤ የእጨጌው መንበርም ከጊዜ በኋላ ጎንደር አጠገብ ወደ ነበረችው ወደ አዘዞ ተዛወረ። ይሁን እንጂ ቦታው ከሰው ልብ አልጠፋም፤ ሕዝቡ መሄዱን ስላልተወ ገዳሙ እንደ ገና ቆመ። በ19ኛው መቶ ዓመት ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ሰላሌን ሲገዙ ቦታው ብዙ ተጠቅሟል። ዛሬ ጎብኚዎች «የፖርቱጋል ድልድይ» እያሉ የሚጠሩት፥ በገዳሙ አቅራቢያ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይም በእኚሁ በራስ ዳርጌ ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ስሙ ለሩቅ አገር ሰው ተሰጠ እንጂ፥ በላዩ ሲመላለስ የኖረው የአገሩ ገበሬ፥ ነጋዴና ተሳላሚ ነው።

ተሳላሚው ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚጓዝባቸው ዋና ዋና በዓላት ሦስት ናቸው። እነሱም ታኅሣሥ 24 የጻድቁ ልደት፥ ግንቦት 12 ዐፅማቸው የፈለሰበት፥ ነሐሴ 24 ደግሞ ያረፉበት መታሰቢያ ናቸው። ቦታው አንድ ቢሆንም ሦስቱ በዓላት ሦስት ዓይነት መንገድ ነበሩ ማለት ይቻላል። በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ነገር ግን መሬቱ ደረቅ፥ እህሉ በአውድማ ላይ ስለ ሆነ እንግዳ የሚበላው አያጣም፤ ጭድም ለመኝታ ይሆናል። በግንቦት ጐተራው እየጐደለ፥ ገበሬውም ለክረምቱ እርሻ እየተዘጋጀ ስለሚቆይ ተሳላሚው ስንቁን አጥብቆ ይይዛል። በነሐሴ ደግሞ የሱሉልታ ሜዳ በውሃ ይተኛል፤ ወንዞች ይሞላሉ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት ይደርሳል። በነሐሴ የሚሄድ ሰው ብርቱ ስለት ያለበት ሰው ነው ይባል ነበር።

መንገዱ ከከተማው ወጥቶ በመጀመሪያ የእንጦጦን ተራራ ይሻገራል። ይህ ተራራ የውሃ መለያያም ነው፤ በደቡቡ በኩል የዘነበው ዝናም ወደ አዋሽ ሲወርድ፥ በሰሜኑ በኩል የዘነበው በሙገር በኩል ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ ተሳላሚው የእንጦጦን ጫፍ ባለፈ ጊዜ ከአዋሽ አገር ወጥቶ ወደ ዓባይ አገር ይገባል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል፤ ቀጥሎ ጫንጮ፥ ሙከ ጡሪና ደብረ ጽጌ ይገኛሉ። ሜዳው ጤፍ፥ ስንዴና ገብስ የሚዘራበት፥ ከብትና ፈረስ የሚሰማራበት ደጋ ነው። በመጨረሻ ሜዳው በድንገት ይቆረጥና ውሃው ወደ ጀማ ወንዝ የሚወርድበት ትልቅ ገደል ይከፈታል፤ ገዳሙም ከገደሉ አፋፍ በታች ባለው እርከን ላይ ይታያል። ጤነኛ ሰው ይህን ሁሉ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይጨርሰዋል። ሕፃን ያዘለች እናት፥ ሽማግሌና ጸበል ፈላጊ በሽተኛ ግን ሳምንት ሊፈጅባቸው ይችላል።

እኛም መንገዱን በወረቀት ብቻ እንዳናውቀው ብለን፥ በታኅሣሥ ወር አንድ ቅዳሜ ከመምህራችን ጋር ከጧቱ በ12 ሰዓት ከጦር ኃይሎች ተነሥተን፥ በኮልፌና በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል አዲሱ ገበያ ደረስን፤ ከዚያም ዳገቱን ወጥተን ሱሉልታ ስንገባ ከቀኑ 7 ሰዓት ሆነ። የቀረውን በአውቶቡስ ሄድን። ጫማ ተጫምተን፥ በአስፋልት ላይ፥ አንድ ቀን እንኳ ያልሞላ ጉዞ እግራችንን ካሳበጠው፥ ባዶ እግሩን አራት ቀን ሄዶ አራት ቀን የሚመለሰው ሰው ምን ያህል እንደ ታገሠ ለመገመት አላዳገተንም።

በሰፈራችን ያሉ አረጋውያን እንደ ነገሩን፥ የተሳላሚው ስንቅ በሶ፥ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበር፤ ምክንያቱም እነዚህ ቶሎ አይበላሹም፥ ማገዶም አይፈልጉም። በሶው በአቁማዳ፥ ውሃው በቅል ይያዛል። ገንዘብ ያለው ሰው እንኳ በመንገድ ብዙ የሚገዛው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጉዞው የሚቃናው በተሳላሚው ብርታት ብቻ ሳይሆን፥ ይልቁንም በመንገድ ዳር በሚኖረው ገበሬ ቸርነት ነበር። ፀሐይ ስትጠልቅ ተሳላሚው ከአንድ ግቢ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብን መንገደኞች ነን፤ ስለ ተክለ ሃይማኖት አሳድሩን» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ይላል። የእንግዳው እግር በሞቀ ውሃ ይታጠባል፤ መደብ ይለቀቅለታል፤ ከቤቱ ሰው ምግብም ይካፈላል። ሲነጋም የሚከፍለው ነገር የለም፤ መርቆ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው ነገር አለ። ከሱሉልታ እስከ ሰላሌ በመንገዱ ዳር የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ኦሮሞ ነው፤ ተሳላሚው ግን ከየአውራጃው የመጣ፥ ቋንቋውም ልዩ ልዩ የሆነ ነው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በትምህርት ቤት አልተማረም፤ ነገር ግን እንግዳው «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንን፥ ባለቤቱም የመንገደኛን ምርቃት መቀበልን በዚያ መንገድ ላይ ተማሩ። ወሬ፥ የዘር እህል፥ የመድኃኒት ዕውቀት፥ አንዳንዴም የጋብቻ ዝምድና በተሳላሚው እግር ከአገር ወደ አገር ሄዷል። ጋዜጣና ስልክ ባልነበረበት ዘመን አገርን ከአገር ያስተዋወቀው አንዱ ይህ ነበር።

ይህ ልማድ በእኛ አገር ብቻ የተወሰነ አይደለም። በእስጳንያ አገር ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደው የእግር መንገድ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በመላው ዓለም የታወቀ ነው፤ በ1986 ዓ.ም.ም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በዚያ መንገድ ዳር ለተሳላሚዎች ማደሪያ ተብለው የተሠሩ ቤቶች ነበሩ። በእኛ መንገድ ግን ማደሪያው የገበሬው ጎጆ ራሱ ነበር። የድንጋይ ማደሪያ ለጎብኚ ይቀራል፤ ጎጆ ግን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል። የእኛ መንገድ ታሪክ ያልተጻፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ 1929 ዓ.ም. እንመለስ። የካቲት 12 ቀን አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በአዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣልያ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቈሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያም በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ሦስት ቀን የፈጀ እልቂት ተፈጸመ። ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ለቦምብ ጣዮቹ ተባባሪ ነበሩ ብሎ ስለ ወነጀላቸው፥ ጄኔራል ፒዬትሮ ማሌቲ ጦር ይዞ ወደ ገዳሙ እንዲሄድ አዘዘ። ጦሩ ገዳሙን የያዘው በግንቦት 12 በዓል ሰሞን፥ ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት ጊዜ ነበር። በዚያን ዓመትም፥ አገሩ በጠላት እጅ ሆኖ ሳለ፥ ሰው ስንቁን ቋጥሮ ስለቱን ለማድረስ ከመሄድ አልቀረም ነበር።

ግንቦት 13 ቀን የተያዙት ሰዎች በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ወንዝ ዳር ተወስደው በጥይት ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ግንቦት 18 ቀን ደግሞ ዲያቆናትና ተማሪዎች ደብረ ብርሃን አጠገብ እንገጫ በሚባል ስፍራ ተገደሉ። ግራዚያኒ ለሮማ ያስተላለፈው ቍጥር 297 መነኮሳት፥ 23 ሌሎች ሰዎችና 129 ዲያቆናት፥ በጠቅላላው 449 የሚል ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች ስፍራዎቹን መርምረውና በሕይወት ያሉ ምስክሮችን ጠይቀው፥ የሟቾቹ ቍጥር ከ1,400 በላይ እንደ ሆነና እስከ 2,000 ሊደርስ እንደሚችል አሳዩ። ከሟቾቹም መካከል ከገዳሙ ማኅበር ሌላ ለበዓሉ የመጡ ሰዎች ይገኙ ነበር።

በሁለቱ ቍጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ950 ነፍስ በላይ ነው። ይህን ያህል ሰው ከገዳዮቹ ሒሳብ ውጭ ቀረ። የመነኩሴ ስም በገዳሙ ሊታወቅ ይችላል፤ ዲያቆንንም የአብነት መምህሩ ያውቀዋል። ከሩቅ መጥቶ አንድ ሌሊት ያደረውን ተሳላሚ ግን በዚያ ስፍራ ማን ያውቀዋል? የሚያውቀው ከቤቱ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው። ሚስቱ፥ እናቱ፥ ልጁ የመመለሻውን ቀን ቈጥረው፥ ቀኑ ሲያልፍ «ወንዝ ሞልቶበት ይሆናል፤ ታሞ ይሆናል» እያሉ ጠብቀውታል። አንዳንዶቹ ቤተሰቦች የሆነውን በወሬ ሰሙ፤ አንዳንዶቹም ቍርጡን ሳያውቁ ሞቱ።

ከነፃነት በኋላ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዛሬ የሚታየውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ተሳላሚውም መጉረፉን ቀጠለ። በአሁኑ ጊዜ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሰው በአውቶቡስ ጧት ሄዶ በዚያው ቀን ይመለሳል። ሱሉልታም ፋብሪካና መኖሪያ ቤት የበዛበት ከተማ ሆኗል። በእግር የሚሄደው ሰው እያነሰ ቢመጣም ልማዱ በአገራችን ጨርሶ አልጠፋም፤ በገና ወደ ላሊበላ፥ በመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም በእግራቸው የሚጓዙ አሉ። መኪና መምጣቱን አንነቅፍም፤ በሽተኛውንና አሮጊቷን ከብዙ ድካም አድኗልና። ነገር ግን ከእግር መንገዱ ጋር አብሮ የነበረው ነገር፥ ማለትም የማያውቁትን ሰው ቤት አንኳኩቶ መግባትና የማያውቁትን ሰው አስገብቶ ማሳደር፥ አብሮ እንዳይጠፋ ያሠጋናል።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ እኛ ተማሪዎች እንደ መሆናችን ሐውልት ለማቆም አቅም የለንም። መጠየቅና መጻፍ ግን እንችላለን። ስለዚህ በዚህ በዓል ምክንያት አንድ ነገር እንለምናለን። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤቱ ሲገባ ወላጆቹንና አያቶቹን «ከዘመዶቻችን መካከል በ1929 ዓ.ም. ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ነበረን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ ከተገኘ ስሙን፥ የአባቱን ስም፥ የተነሣበትን አገር ጽፎ ያምጣ፤ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በአንድ መዝገብ እናኖረዋለን። ወላጆችና መምህራንም የሚያውቁትን በመንገር እንዲረዱን እንጠይቃለን። የሚያስታውሱት ሰዎች ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነውና ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም። አንድ ስም እንኳ ቢገኝ፥ ከ449ኙ ውጭ ከቀሩት ሰዎች አንዱ ተቈጠረ ማለት ነው።