«መደንዘዝ»፦ የፈውስም የአደጋም ቃል

በጎንደር አራዳ ስለቱ የጠፋ ቢላዋ «ደነዘ» ይባላል፤ ብርድ የያዘው ጣት ደግሞ «ደነዘዘ»። የሕክምናው «ማደንዘዣ» ከዚህ ቤተሰብ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ በእንግሊዝኛ ሲያስተምር፣ ሠልጣኙ ከበሽተኛው ጋር የሚነጋገረው ግን በአማርኛ ነበር። ቃሉ የሚፈተነውም እዚያ ላይ ነው።

ኮለር በ1884 በቪየና ኮካይንን ለዓይን ሕክምና አዋለ፤ ሎፍግሬን በ1943 በስዊድን ሊዶካይንን ሠራ። በነርቭ ዙሪያ የተወጋው መድኃኒት በዚያው አይቀርም፤ ወደ ደም ይሰርጋል። ያው መጠን በጎድን አጥንቶች መካከል ሲወጋ በክንድ ከሚወጋው ይልቅ በደም ውስጥ ከፍ ብሎ ይገኛል። ሊዶካይን በአንድ ሚሊ ሊትር የደም ፈሳሽ ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ገደማ ሲያልፍ የመመረዝ ምልክት ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም የምላስና የአፍ ዙሪያ መደንዘዝ፣ የጆሮ ጩኸት፣ ቀጥሎም መንፈራገጥ ነው። በ1979 አልብራይት የተባለ ሐኪም እንደ ቡፒቫካይን ያሉት ብርቱ ማደንዘዣዎች ልብን በድንገት ሊያቆሙ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ።

እንግዲህ ክንዱ የተወጋ ሰው «ደነዘዘኝ» ቢል፣ ክንዱ ከሆነ ሥራው ሠምሯል፤ ምላሱ ከሆነ መርፌው ወዲያው መቆም አለበት። ስለዚህ ተርጓሚው «መደንዘዝ»ን ያለ አካሉ ስም ብቻውን እንዳይጽፍ እንመክራለን። «መጠን»ም ለሚሰጠው መድኃኒት ብቻ ይዋል፤ በደም ውስጥ ለሚገኘው «የደም ይዘት» እንድንል እናቀርባለን። ቃሉ ጥቂት ይጎረብጣል፤ ቢሆንም ሁለቱን አያደባልቅም።