ከጉና የወረደ አፈር፣ ከፎገራ የጠፋ ፍግ

ጉማራና ርብ ከጉና ተራራና ከዙሪያው ደጋ ተነሥተው በየክረምቱ አፈር እያጠቡ ይወርዳሉ። ጣና ዳር ሲደርሱ ጉልበታቸው ይደክምና የተሸከሙትን እዚያው ይጥሉታል። የፎገራ ሜዳ የተሠራው በዚህ ደለል ነው፤ ሰውም የሜዳውን ለምነት ለደለሉ ብቻ ይሰጣል። እኔ ወረታ አጠገብ ተወልጄ፣ በኋላም በግብርና ባለሙያነት ዕድሜዬን እዚያው የፈጀሁት፣ ግማሹ ምስጋና ለከብቱ ይገባል ባይ ነኝ።

በአያቴ ዘመን ሜዳው የከብት አገር ነበር። ክረምት ውኃው ሲተኛበት ላሞቹ ወደ ከፍታው ይወጣሉ፤ ከመስከረም በኋላ ውኃው ሲሸሽ እየተከተሉት እስከ ሐይቁ ዳር ድረስ ይግጣሉ። የፎገራ ላም ወተቷ የተመሰገነ ነው፤ ዝርያዋን ለማቆየትም የአንዳሳ የከብት ምርምር ጣቢያ ብዙ ደክሟል። አያቴ ጤፍ ሊዘሩበት ያሰቡት ቦታ ላይ አስቀድመው በረት ያጥሩ ነበር። ከብቱ ጥቂት ሳምንት አድሮበት መሬቱ በእበትና በሽንት ሲጠግብ በረቱን ነቅለው ወደ ሌላው ጥግ ያዛውሩታል። የፋብሪካ ማዳበሪያ በእጃቸው ሳይነኩ ነው ያረጁት።

አሠራራቸው ትክክል ነበር። ሰብል ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገው ናይትሮጅን ከድንጋይ ፍጭ የሚገኝ አይደለም። በአፈር ውስጥ ተቀማጭ የሚሆነው እበቱ፣ ሥሩና ገለባው ሲበሰብስ ነው፤ ብስባሹም ቀስ በቀስ ይለቀዋል።

ሩዝ የመጣው በደርግ ጊዜ ነው። ሜዳው ላይ የዱር ሩዝ መብቀሉ ታይቶ ነበርና በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ጅግናና ሻጋ በተባሉ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ተጀመረ። ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዝርያ እስከ ዛሬ ያንን ስም ይዟል። ውኃ ይተኛበት የነበረው ዋልካ እህል ሰጠ፣ የተራበ ጠገበ፤ ይህን አቃልዬ አላይም። ነገር ግን ግጦሹ ታረሰ፣ ከብቱ ቀነሰ፣ የቀረው እበትም ኩበት ሆኖ ምድጃ ገባ። በፍጉ ቦታ ዩሪያ ተተካ።

ውኃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ በአካፋ ቆርጦ ያየ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያገኘዋል። ላይ ላዩ እንደ ወረቀት የሳሳ ቡናማ ሽፋን አለው፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ ግራጫ ነው፣ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። በሩዙ ሥሮች ዙሪያ ብቻ የዝገት ቀለም ያለው መስመር ይታያል፤ ሥሩ ከላይ ያወረደው አየር የነካው ነውና። ባክቴሪያዎች ብስባሹን እየበሉ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት ነው ጭቃው እንዲህ የሆነው። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው። ላይ የተበተነው ዩሪያ ወደ አሞኒየም ይለወጣል፤ አሞኒየሙ በቀጭኑ ሽፋን ውስጥ ኦክስጅን አግኝቶ ናይትሬት ይሆናል። ናይትሬቱ ወደ ግራጫው ጭቃ ሲሰርግ ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን ፋንታ እሱን ይተነፍሱበትና ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ ነው የሚተነው። ዩሪያውን ጭቃው ውስጥ ቅበሩት እያልን የምንወተውተው ለዚህ ነበር።

በባሕር ዳርቻዎችም የሚሆነው ይኸው ነው። ወንዝ የሚያመጣው ብስባሽ በልኩ ሲሆን የዳርቻው ደለል ትርፍ ናይትሮጅንን ወደ አየር እያስወጣ ውኃውን ያጠራል። ሲበዛ ግን ያ ቀጭን ሽፋን ራሱ ኦክስጅን ያጣል፤ ናይትሬት መሠራቱ ይቆማል፣ አሞኒየሙም ወደ ውኃው ተመልሶ አልጌ ይመግባል። ባልቲክ ባሕር ይህ ደርሶበታል። ጣና ላይ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ እምቦጭ ተንሰራፍቷል፤ የሞተው እየሰጠመ ዳር ላይ ይበሰብሳል፣ ደለሉን ያጣራ የነበረው ደንገልም ተመናምኗል። የጉማራና የርብ አፍ እጅግ ያሳስበኛል።

ወደ ማሳው ስመለስ፣ ከሩዙ አጨዳ በኋላ ጭቃው ሳይደርቅ ጓያ የሚዘሩ አሉ፤ ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ናይትሮጅን ከአየር ስለሚይዙ ደግ ሥራ ነው። የሩዙ ገለባ ግን ማሳው ላይ አይቀርም። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ለምን እንደማይተወው ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ግጦሹን እኮ አርሰነዋል። በሬዎቼ ምን ይብሉ?» አለኝ።