ዕርዳታና ባለቤቱ፤ ከአምባሰል ታሪክ

የውጭ ዕርዳታ ድኻ አገርን ያሳድጋል ወይስ ጥገኛ ያደርጋል? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻም። በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚወጣ ምእመን የሚረግጠው የአምባሰል ምድር ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አስተናግዷል።

የመጀመሪያው በውጫሌ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ ይታወቃል፤ እሱን ተከትሎ የመጣው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ግን እምብዛም አይነሣም። መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ውሉ ነጻነትን የሚነካ መሆኑን በተረዱ ጊዜ በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ብድሩንም መልሰው ከፈሉ። ዕዳውን የከፈለ መንግሥት እምቢ ለማለት አንደበት አገኘ።

ሁለተኛው ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ጎዳና ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሠራው፤ ከነጻነት በኋላ ግን የአገሪቱ መንገዶች በጥገና እጦት ይበላሹ ጀመር። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአሜሪካውያን ባለሙያዎች እየተመራ የተጀመረው ሥራ ውሎ አድሮ በኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች እጅ ገባ። ገንዘቡ አልቋል፤ ሙያው ግን ቀርቷል።

ሦስተኛው የእህል ዕርዳታ ነው። ወሎ በ1965 እና በ1966፣ ኋላም በ1977 ዓ.ም. በተራበ ጊዜ ሕዝቡ ወደዚሁ ጎዳና ዳር ፈለሰ፤ እህሉም የመጣው በዚሁ ጎዳና ነው። ብዙ ነፍስ ዳነ፤ ዳሩ ግን እህል የተሸረሸረን አፈር አይመልስም። በ1970ዎቹ ገበሬው እህል እየተከፈለው በየተራራው እርከን ሠራ፣ ችግኝ ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ እርከኑ ፈረሰ፣ ደኑም ተጨፈጨፈ። ገበሬው በትእዛዝና በክፍያ የሠራውን የራሴ ብሎ አልያዘውም ነበርና።

እንግዲህ ዕርዳታ ነፍስ ያድናል፤ ዕድገት የሚሆነው ግን ሰጪው ከሄደ በኋላ የሚጠግነው እጅና የእኔ የሚለው ባለቤት ሲኖረው ነው። እኛ መሐንዲሶችም በዕርዳታ በሚሠራ ሥራ ንድፍ ላይ ከመፈረማችን በፊት የጥገናው በጀትና ባለቤቱ በሰነዱ ተጽፎ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።