ራጅና ቁስለኛ በድንበራችን አካባቢ ታሪክ

በሱዳን ገዳሪፍ ግዛት፣ ለኢትዮጵያ ጠረፍ ቀርባ የምትገኘው ባሱንዳ በታሪክ መጻሕፍት እምብዛም አትነሣም። በዚያው ጠረፍ ያሉት መተማና ገላባት ግን የታወቁ የጦር ሜዳዎች ናቸው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ያረፉት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ነው። ያን ጊዜ ራጅ ቢኖር ኖሮ ይድኑ ነበር ለማለት አይቻልም። ሆኖም በዚያ ዘመን በአውሮፓም ቢሆን ሐኪም በሰው ገላ ውስጥ የተቀበረ ጥይት የሚፈልገው በአብዛኛው ቁስሉን በጣት ወይም በብረት እየዳሰሰ ነበር። ፍለጋው ራሱ ቁስሉን ያመረቅዝ ነበር።

ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ቪልሄልም ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1888 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የካቲት 23 ቀን የዓድዋ ጦርነት ሆነ። በግንቦት ወር ደግሞ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣሊያ ጦር ሐኪም ከኢትዮጵያ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን ኔፕልስ ላይ በራጅ አነሣ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከሚታወቁት የመጀመሪያው ይህ ነው። ቃሉም ወደ እኛ የገባው ከጣሊያንኛ ነው።

መሣሪያው ወደ ሱዳን ለመድረስ ከሁለት ዓመት በላይ ብዙም አልፈጀበትም። በነሐሴ 1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ጦርነት የቆሰሉ 121 የእንግሊዝ ወታደሮች በዓባይ ዳር ወደምትገኘው አባድያ ተወሰዱ። ከእነርሱ ውስጥ የ21ዱ ጥይት የት እንዳለ፣ መኖር አለመኖሩም ጭምር በተለመደው ዘዴ ሊታወቅ አልቻለም። ጆን ባተርስቢ የተባለው የጦር ሐኪም ግን በራጅ መርምሮ የ20ውን ለይቶ ዐወቀ። በስፍራው የኤሌክትሪክ መሥመር አልነበረም፤ ሙቀቱና አቧራውም ከባድ ነበር። ስለዚህ ዕቃውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አጓጓዘ፤ ሁለት ሰዎች የሚረግጡትን ብስክሌት ከዲናሞ ጋር አገናኝቶም ባትሪውን ሞላ። ጥይቱን ያሳየው እንግዲህ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን፣ መሣሪያውን በዚያ አገር ማሠራት የቻለው ሰው ጭምር ነው።

በአገራችን ይህን የመሰለውን ሰው የማፍራቱ ሥራ ብዙ ጊዜ ወስዷል። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ለገጠሩ ሕዝብ ማሠልጠን ጀመረ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከአባድያው ምርመራ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መሆኑ ነው።

ዛሬ አነስተኛ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደምን በአልጋው አጠገብ ሆኖ ያሳያል። ጥላውን ደም ነው ብሎ የሚያነበው ግን የሠለጠነ ዓይን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ስደተኞች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። በእንዲህ ያለ ጠረፍ ለሚገኝ ቁስለኛ ሠልጣኝ ባለሙያ ቅርብ መሆን አለመሆኑ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

ስለዚህ እኛ መምህራን በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ጨረር ስናስተምር የሮንትገንን ስም ብቻ አስጠንተን አንለፍ። የባተርስቢን ብስክሌትም እንንገራቸው፤ የነገው የጠረፍ ሐኪም ከፊታችን ከተቀመጡት አንዱ ሊሆን ይችላልና።