ስኳር ያልሆነው ጣፋጭ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2023 የዓለም ጤና ድርጅት ባለ ሁለት ራስ ዜና አወጣ። በድርጅቱ ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ በዳይት ለስላሳዎች ውስጥ የሚገባው አስፓርቴም የተባለ ማጣፈጫ «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚባለው ምድብ ውስጥ ገብቷል አለ። በዚያው ቀን፣ በዚያው መግለጫ፣ ወደ ምግብ የሚጨመሩ ነገሮችን የሚመረምረው ኮሚቴ ደግሞ የቀድሞውን መጠን የምንለውጥበት ምክንያት አላገኘንም፤ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን እስከ 40 ሚሊግራም ይፈቀዳል አለ። ዜናው ግን በየቦታው የተሰራጨው በመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነበር። እኛም ጋዜጠኝነት የተማርን ልጆች ነንና አርዕስት እንዴት እንደሚሠራ እናውቃለን። «ካንሰር» የሚል ቃል በእጁ እያለ «መጠኑ አልተለወጠም» ብሎ የሚጀምር አዘጋጅ እስካሁን አልገጠመንም።

የሚጠጣው ሰው ጥያቄ ግን አጭር ነው። ልጠጣው ወይስ ልተወው? በተለይ በኛ ቋንቋ የበሽታው ስም ራሱ «ስኳር» ነው። «ስኳር አለብኝ» የሚል ሰው ሠርግ ቤት ሄዶ፣ ጠጁ ሲዞር አልፎት፣ ለስላሳው ሲመጣ «ዳይት የላችሁም?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከሌለ አምቦ ውሃውን ይዞ ይቀመጣል። ለዚህ ሰው ነገሩ የቅንጦት ክርክር አይደለም። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄደን፣ ይህ ጭቅጭቅ ከየት እንደመጣ ብንተርክ ይሻላል ብለን ተነሣን። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ካልታጠበ እጅ ነው። በ1879 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮንስታንቲን ፋልበርግ የሚባል ኬሚስት በፕሮፌሰር አይራ ሬምሰን ቤተ ሙከራ ውስጥ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን በሚገኙ ቅመሞች ላይ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ዳቦውን ሲቆርስ ጣፈጠው። አፉን ጠረገ፤ የጠረገበትም ጨርቅ ጣፈጠ። ጣቱን ላሰ፤ ጣቱ ከሁሉ ይብስ ነበር። ወደ ቤተ ሙከራው ተመልሶ በጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብልቃጥ ሁሉ ቀመሰ። (ከመካከላቸው አንዱ መርዝ ቢሆን ኖሮ ይህንን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር።) ያገኘውም ከስኳር በ300 እጥፍ ገደማ የሚጣፍጠውን ሳካሪንን ነው። ፋልበርግና ሬምሰን ግኝቱን በስማቸው አብረው አሳተሙ፤ በኋላ ግን ፋልበርግ ብቻውን የባለቤትነት መብቱን አስመዝግቦ ጀርመን አገር ፋብሪካ ከፈተ። ሬምሰን ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ መተዉ አንገበገበው ይባላል። ይህን የሬምሰንን ስም ያዙልን፤ ተመልሶ ይመጣል።

ሳካሪን ርካሽ ነበርና የታሸገ ምግብ የሚሠሩ ነጋዴዎች በስኳር ፈንታ ይጨምሩት ጀመር። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ደግሞ ሃርቪ ዋይሊ የሚባል፣ ነጋዴ ሁሉ የሚፈራው የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ነበር። በ1906 የወጣው የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግ አባት የሚባለው እሱ ነው። ዋይሊ በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው፣ በ1908 ነጋዴዎቹ አቤቱታቸውን ይዘው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዘንድ ሲቀርቡ እሱም በቦታው ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ ድርጅታችን በቆሎ ሲያሽግ በሳካሪን ብቻ በዓመት 4,000 ዶላር አትርፏል አለ። ዋይሊ ተራውን መጠበቅ አልቻለም። ያንን በቆሎ የበላ ሁሉ ተታሏል፤ ስኳር የበላ መስሎት ጤናን የሚጎዳ የቅጥራን ውጤት ነው የበላው ብሎ ጣልቃ ገባ። ሩዝቬልት ፊቱን አጠቆረ። ለካ የፕሬዚዳንቱ የግል ሐኪም በየቀኑ ሳካሪን ይሰጠው ኖሯል! ጤናን ይጎዳል የሚል ሰው ካለ ቂል ነው ብሎ ዘጋው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። የዋይሊን ንግግር ልብ ብላችሁ ብታዩት በአንድ ትንፋሽ ሁለት ክስ ነው ያቀረበው። አንደኛው «ሰውን አታለላችሁ» የሚል ሲሆን ማስረጃው እዚያው በነጋዴው አፍ ወጥቷል። ሁለተኛው «ሰውን ትጎዳላችሁ» የሚል ሲሆን ለዚህ በዚያን ቀን በእጁ የያዘው ጠንካራ ማስረጃ አልነበረም። ፕሬዚዳንቱም በተራው የመለሰው ከራሱ ጤና ተነሥቶ ነው፤ እኔ እየበላሁት ደህና ነኝ የሚል መልስ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ የተደረገው ክርክር በአብዛኛው ይኸው ነው ብንል አልተጋነነም።

ሩዝቬልት ጉዳዩን የሚመረምር የሳይንቲስቶች ቦርድ አቋቋመ። ሰብሳቢው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አይራ ሬምሰን! ቦርዱ ትንሽ መጠን ጉዳት የለውም አለ። ያም ሆኖ በ1912 ሳካሪን ከተራ ምግብ እንዲወጣ ተደረገ። ምክንያቱም መርዝነቱ አልነበረም፤ የምግቡን ጥራት ያጓድላል፣ ቦታው መድኃኒት ቤት ነው ተብሎ ነው። ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ስኳር ሲጠፋ ሳካሪን በክብር ተመለሰ።

ሁለተኛው ማጣፈጫ ሳይክላሜትም የተገኘው እንዲሁ ነው። በ1937 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቬዳ የሚባል ተማሪ የትኩሳት መድኃኒት ሲፈልግ፣ ሲጋራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መልሶ ቢያጨሰው ጣፈጠው። (ቤተ ሙከራ ውስጥ ሲጋራ! የዚያ ዘመን ሰዎች ለጤና የነበራቸው ጥንቃቄ ይገርማል።)

ዳይት ለስላሳ ራሱ የተወለደው ግን ከሆስፒታል ነው። በ1952 በኒውዮርክ ብሩክሊን ሃይማን ኪርሽ የተባለ የለስላሳ ፋብሪካ ባለቤት፣ እሱ በሚያግዘው ሆስፒታል ለተኙ የስኳርና የልብ ሕሙማን በሳይክላሜት የጣፈጠ «ኖ-ካል» የተባለ መጠጥ ሠራ። ሕሙማኑ ወደዱት። ወደ ሱቅ ሲወጣ ግን የሚገዛው በሽተኛ ብቻ አልሆነም፤ ወገቤ ይቅጠን የሚለው ጤነኛ ሁሉ ተሻማበት። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህችን ገበያ አይተው ዝም አላሉም። በ1963 ኮካኮላ «ታብ»ን አወጣ፤ በ1964 ዳይት ፔፕሲ ተከተለ። ለሕሙማን የታሰበው መጠጥ በአሥር ዓመት ውስጥ የጤነኞች መጠጥ ሆነ። በእኛ አስተያየት የታሪኩ መታጠፊያ ይህ ነው። በሽተኛ አንድን ነገር ሲወስድ ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝኖ ነው። ጤነኛ ሰው በየቀኑ ሦስት አራት ጣሳ ለጣዕሙ ብቻ ሲጠጣ ግን ሚዛኑ ሌላ መሆን አለበት።

ሚዛኑን ለማስቀመጥ የሞከረው ሕግ በ1958 ወጥቶ ነበር። የኒውዮርኩ የምክር ቤት አባል ጄምስ ዴላኒ ያስገባው አንቀጽ፣ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ ካንሰር ማምጣቱ የታወቀ ነገር በምንም መጠን ወደ ምግብ አይጨመርም ይላል። በምንም መጠን! በ1969 ታዲያ የሳይክላሜትና የሳካሪን ቅልቅል በብዛት ከተሰጣቸው 240 አይጦች በ8ቱ የሽንት ፊኛ ላይ ዕጢ ተገኘ። በጥቅምት ወር የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ፊንች ሳይክላሜት ከገበያ እንዲወጣ አዘዘ። በአውሮፓ ግን ይኸው ሳይክላሜት ዛሬም የተፈቀደ ነው።

የቀረው ሳካሪን ብቻ ነበር፤ በ1977 ተራው ደረሰው። የካናዳ ተመራማሪዎች ሳካሪን ብቻውን በወንድ አይጦች ፊኛ ላይ ዕጢ አመጣ አሉ። ካናዳ አገደችው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም ላግድ ነው ብሎ አሳወቀ። ያን ጊዜ የሆነውን ማንም አልጠበቀም። ሕዝቡ ተቆጣ! የስኳር ሕሙማን፣ የሕሙማን ወላጆች፣ የለስላሳ ኩባንያዎች፣ ውፍረት የሚቀንሱ ሰዎች ወደ ምክር ቤቱ ደብዳቤ አጎረፉ። ሌላ ምንም አማራጭ አልነበረማ። ምክር ቤቱ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሕግ አውጥቶ እገዳውን ራሱን አገደው። በምትኩ በየጣሳው ላይ፣ ይህ ምርት በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ካንሰር ማምጣቱ የታወቀ ሳካሪን አለበት የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አደረገ። ሕዝቡ ማስጠንቀቂያውን እያነበበ ጠጣ።

በኋላስ? በ1980 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም 3,000 ያህል የፊኛ ካንሰር ሕሙማንን ከ6,000 ገደማ ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ፣ በጥቅሉ የማጣፈጫ ተጠቃሚዎች የበለጠ አደጋ ላይ እንዳልሆኑ አገኘ። አይጦቹ ለምን ታመሙ የሚለውም ቀስ በቀስ ተፈታ። የወንድ አይጥ ሽንት ፕሮቲንና ካልሲየም የበዛበት ነው፤ ብዙ ሳካሪን ሲገባበት ደቃቅ ጠጠር ይሠራል፤ ጠጠሩ የፊኛውን ውስጠኛ ቆዳ ይፍቃል፤ የተፋቀው ቆዳ ራሱን ለመተካት ሲባዛ ሲባዛ ዕጢ ይሆናል። በሰው ሽንት ይህ አይሆንም። በ2000 ሳካሪን ከአሜሪካ የካንሰር አምጪዎች መዝገብ ተሰረዘ፣ ማስጠንቀቂያውም በሕግ ተነሣ። 23 ዓመት መሆኑ ነው። ካናዳ ደግሞ እስከ 2014 ቆየች። አንዷ አገር ሳካሪንን ከልክላ ሳይክላሜትን ለሻይ ማጣፈጫነት ስትፈቅድ፣ ጎረቤቷ ሳይክላሜትን ከልክላ ሳካሪንን ፈቅዳ፣ በአንድ ድንበር ግራና ቀኝ ለዓመታት ኖሩ። አይጦቹ ግን ያው አይጦች ናቸው።

አሁን ወደ አስፓርቴም እንምጣ። ይህም የላስታ ልጅ ነው፤ በ1965 ጂ. ዲ. ሰርል በተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ጄምስ ሽላተር የጨጓራ መድኃኒት ሲሠራ ወረቀት ለማንሣት ጣቱን ላሰ። በ1974 ተፈቀደ፤ ተቃውሞ ሲነሣና የኩባንያው ጥናቶች ጥራት ሲጠየቅ በ1975 ፈቃዱ ታገደ። በ1980 ሦስት ሳይንቲስቶች ያሉበት ቦርድ፣ የአንጎል ዕጢ ጥያቄ በተጨማሪ ጥናት ሳይመለስ አይፈቀድ አለ። በ1981 ሬጋን የሾሙት አዲሱ የአስተዳደሩ ኃላፊ አርተር ሄይስ የቦርዱን ምክር ወደ ጎን ትቶ ፈቀደ፤ በ1983 ለለስላሳ መጠጥም ተፈቀደ። በዚያን ጊዜ የሰርል ሥራ አስኪያጅ ማን ነበር? ዶናልድ ራምስፌልድ፣ በኋላ የኢራቅ ጦርነት የመከላከያ ሚኒስትር የሆነው። ሄይስም ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ ለሰርል የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በሚሠራ ድርጅት አማካሪ ሆነ።

ይህን ያነበበ ሰው ቢጠረጥር አንፈርድበትም። እኛም ጠርጥረን ነበር። ነገር ግን በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ መሥሪያ ቤት ሂደቱን መርምሮ አስተዳደሩ ሥርዓቱን ጠብቆ ነው የፈቀደው ብሏል። በ2013 ደግሞ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ያሉትን ጥናቶች እንደገና አገላብጦ 40 ሚሊግራሙን አጸደቀ። ሹመቱ ሸተተን ማለትና ምርቱ መርዝ ነው ማለት ለየቅል ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢሜል የተሰራጨው ወሬ ግን ሁለቱን አቀላቅሎ፣ አስፓርቴም ከአንጎል እስከ ነርቭ የማያመጣው በሽታ የለም እያለ ዓለምን ዞረ። በርግጠኝነት የሚጎዳቸው ሰዎች አሉ፤ ፌኒልኬቶኑሪያ የሚባል በዘር የሚተላለፍ ችግር ያለባቸው። ለእነሱ በየጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ወሬው ስለ እነሱ ብዙም አይጨነቅም።

የ2023ቱ ምድብስ? «2ቢ» ይባላል። እዚሁ ምድብ ውስጥ ከሙሉ ቅጠሉ የተጨመቀ እሬት አለ። ከዚያ አንድ ደረጃ ከፍ ባለው ምድብ ቀይ ሥጋ አለ፤ ጥብሳችንና ክትፏችን። በመጨረሻው ከፍተኛ ምድብ ደግሞ አልኮል፤ ጠላውም ጠጁም። ምድቡ የሚነግረን ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንጂ ነገሩ ምን ያህል እንደሚጎዳ አይደለም። ለአስፓርቴም ማስረጃው ከጉበት ካንሰር ጋር የተያያዘ፣ «ውሱን» የተባለ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የተፈቀደውን መጠን ለማለፍ በቀን ከ9 እስከ 14 ጣሳ መጠጣት አለበት።

ከካንሰሩ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን ከሁለት ወር በፊት፣ በግንቦት 2023፣ ያው ድርጅት ያወጣው ብዙ ያልተወራለት መመሪያ ነው። ስኳር አልባ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር አትጠቀሙባቸው፤ በረጅም ጊዜ ስብ አይቀንሱም ይላል። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ የሚጠቀሙ ሰዎች ላይ ሁለተኛው ዓይነት ስኳርና የልብ በሽታ በዝቶ ታይቷል። ማጣፈጫው አምጥቶት ይሁን፣ ወይስ ቀድሞውኑ ወፍረው የሰጉ ሰዎች ዳይት ስለሚመርጡ፣ ገና አልተለየም፤ መመሪያውም ለዚሁ ሲባል «በቅድመ ሁኔታ» የተሰጠ ነው። እንግዲህ ከ1952 በኋላ ወገቤ ይቅጠን ብሎ የተሻማው ጤነኛ የተነገረው ይህ ነው።

መመሪያው አንድ ወገን ለይቶ ትቷል። አስቀድሞ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች አይመለከትም ይላል። ሠርግ ቤት «ዳይት የላችሁም?» የሚለው ሰው፣ የኪርሽ ጣሳ መጀመሪያ የተሠራለት ሰው፣ ጥያቄውን አሁንም ከሐኪሙ ጋር ነው የሚጨርሰው።