ርስት የመሰለው ወንበር

በደቡብ ዌልስ የከሰል ሸለቆዎች ሌበር ፓርቲን መምረጥ ከአባት የሚወረስ ነገር ነበር። የብሪታንያን የነፃ ሕክምና የመሠረቱት አናይሪን ቤቫን ከ1929 እስከ 1960 የተወከሉት ከዚያ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የአካባቢው የምርጫ ክልል ብላይናይ ግዌንት በ2001 ለሌበር የ19,313 ድምፅ ብልጫ ሰጠ። ለ2005ቱ ምርጫ ግን ፓርቲው ዕጩዋ የግድ ሴት ትሁን ሲል ከላይ ወሰነ። ነባሩ አባል ፒተር ሎው አሻፈረኝ ብለው በግላቸው ተወዳደሩና በ9,121 ድምፅ በልጠው አሸነፉ።

ነገሩን የወንዶች እልህ አድርገው ያዩት አሉ። ለእኔ ይህ አይዋጥልኝም። ሎው በ2006 ሲያርፉ ሌበር ለለንደኑ ፓርላማ ወንድ ቢያቀርብም ዳግመኛ በግል ተወዳዳሪ ተሸነፈ። ለዌልስ ምክር ቤት የተመረጡትስ? የሟቹ ባለቤት ትሪሽ ሎው ናቸው። ሕዝቡን ያስቆጣው ሳይማከር መታዘዙ ይመስለኛል። ሌበር የፓርላማውን ወንበር ያስመለሰው በ2010 ነው።