ሲሊንደሩ ለምን ቆሞ ይጓዛል?

የብየዳ ጋዝ የሚያመላልስ ሹፌር አንድ ሕግ ያውቃል፦ የአሲታይሊን ሲሊንደር አይጋደምም። ለምን ሲባል ግን ብዙው «ሕጉ ነው» ብሎ ያልፋል። ሕጉን የወለደው የቢሮ ፊርማ አይደለም። የሰው ዓይን የተከፈለበት ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1892 ካናዳዊው ቶማስ ዊልሰን ካልሲየም ካርባይድን በብዛት የማምረቻ መንገድ አገኘ። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሲታይሊን ይወጣዋል፣ ጋዙም ሲቀጣጠል ደማቅ ነጭ ብርሃን ይሰጣል። በ1895 ፈረንሳዊው ለ ሻተልዬ አሲታይሊን ከኦክስጅን ጋር ሲነድ ከ3000 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሚሞቅ አሳየ። ብረት የሚያቀልጥ እሳት ተገኘ ማለት ነው።

ችግሩ ማጓጓዙ ላይ ነበር። ኦክስጅንን በብረት ሲሊንደር አምቆ መጫን ይቻላል። አሲታይሊን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በርትሎ እና ቪዬይ የተባሉ ፈረንሳውያን በ1896 እንዳሳዩት፣ ግፊቱ ከ2 አትሞስፌር ካለፈ አየርም ኦክስጅንም ሳይፈልግ ራሱን በራሱ በትኖ ሊፈነዳ ይችላል። በእነዚያ ዓመታት ጋዙን እንደ ሌላው አምቀው ለመሸጥ የሞከሩ ሰዎች ሕይወት አስከፍለዋል።

መፍትሔውን ያገኙት ክሎድ እና ሄስ ናቸው፦ ጋዙን አሴቶን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ማሟሟት። የአምቦ ውሃ ጋዙን ይዞ እንደሚቆየው መሆኑ ነው። አንድ ሊትር አሴቶን በ12 አትሞስፌር ግፊት 300 ሊትር ያህል አሲታይሊን ይይዛል።

ነገር ግን ጋዙ እየተቀዳ ሲሄድ ከፈሳሹ በላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል። እዚያ የሚጠራቀመው ጋዝ ደግሞ ያው የድሮው ፈንጂ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በበዛው ጠጣር ነገር ሞልተው አሴቶኑን እሱ ውስጥ አሰረጉት። የመጀመሪያዎቹ መሙያዎች የጉዞ መንገጫገጭ ሲበዛባቸው እየተሰነጣጠቁና እየተፈረፈሩ ክፍተት ይተዉ ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ደህና የነበረው ሲሊንደር መንገድ ላይ አደገኛ ሆነ።

መንገጫገጭን የሚችል መሙያ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ጉስታፍ ዳሌን ነው። ዋና ሥራው በባሕር ዳር ለመርከብ አቅጣጫ የሚያሳዩ መብራቶች ነበሩ። ሰው ወደማይደርስበት ደሴት የሚላክ ጋዝ ማዕበልንም ጉዞንም መቻል ነበረበት። በሴፕቴምበር 1912 የአሲታይሊን መያዣዎችን ደህንነት ሲፈትሽ አንዱ ፈነዳበትና ሁለት ዓይኖቹን አጣ። በዚያው ዓመት የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሽልማቱን የተቀበለለት ወንድሙ አልቢን ነበር፤ አልቢን የዓይን ሐኪም ነበር። ዳሌን ግን ሥራውን አላቆመም። አጋ የተባለውን ኩባንያ እስከሞተበት እስከ 1937 ድረስ መራ።

እንግዲህ የአሲታይሊን ሲሊንደር ባዶ ጠርሙስ አይደለም፤ አሴቶን የጠጣ ስፖንጅ ነው። ከተጋደመ አሴቶኑ ወደ ቫልቩ ይመጣል፣ ሲከፈትም ከጋዙ ጋር አብሮ ይወጣል። ተጋድሞ የመጣ ሲሊንደር ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ለሰዓታት ቆሞ መቆየት ያለበትም ለዚህ ነው። ቆሞ ሲጓዝ ደግሞ በሰንሰለት ወይም በጠንካራ ቀበቶ ይታሰራል፣ ቫልቩ ይዘጋል፣ ሬጉሌተሩ ይፈታል፣ ክዳኑ ይገጠማል። አብሮት የሚጫነው ኦክስጅን ግፊቱ 150 ባርና ከዚያ በላይ ስለሆነ፣ ወድቆ ቫልቩ ቢሰበር ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል።

አየሩስ? በክፍት ፒክአፕ ሲሊንደር ሲያልፍ አይቶ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። በእርግጥ ግን በደንብ እስከታሰረ ድረስ ከተዘጋ ሚኒባስ ክፍቱ ይሻላል። አሲታይሊን ከአየር ጋር 2.5 በመቶ ያህል ብቻ ከተቀላቀለ ሊቀጣጠል ይችላል። ቫልቩ ሌሊቱን ሲያፈስ ላደረ ዝግ መኪና ጠዋት በሩ ሲከፈት የምትፈጠር ትንሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ትበቃዋለች።

አደገኛ ዕቃዎችን በመኪና ስለማጓጓዝ አውሮፓውያን ጄኔቫ ላይ በ1957 የተፈራረሙት፣ በ1968 ሥራ ላይ የዋለው ኤዲአር የተባለው ስምምነት ይህንንም ያውቃል። ሲሊንደር በተቻለ መጠን በክፍት ወይም አየር በሚያስገባ መኪና ይጫን ይላል። ካልተቻለ በጭነቱ በር ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ «ማስጠንቀቂያ፤ አየር አይገባም፤ በጥንቃቄ ይከፈት»።